ኮምቦልቻ ያለው ሌንስ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበር። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ያለው፣ ሥራውን የሚወድ፣ ትንሽ ኩራት ቢጤም የማያጣው ሰው። ሳቃችሁ! ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

ይህ ሰው አንድ ቀን አዲስ ነገር አማረው። ፎቶ ጠፍጣፋ ነው አይደል? እሱ ግን ጥልቀት ያለው ፎቶ ላንሳ አለ። ሁለት ሌንስ ጎን ለጎን አድርገህ አንድን ሰው በአንድ ጊዜ ታነሳለህ። የግራው ፎቶ ለግራ ዓይን፣ የቀኙ ለቀኝ ዓይን። ያኔ ሰውየው ከወረቀቱ ይነሳል፣ ፊትህ ይቆማል፣ ልንካው ልንካው ይልሃል! ታዲያ ሌንሶቹ መንታ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ትርፉ ዓይን ማሳመም ነው።

አንዱ ሌንስ እጁ ላይ ነበር፤ ከአባቱ አሮጌ ካሜራ ነው የፈታው። መንታውስ? መንታው ኮምቦልቻ፣ ታናሽ ወንድሙ አስናቀ ዘንድ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ሁለቱን አንድ ዓይነት ካሜራዎቻቸውን ተካፈሉ፣ በፎቶ ቤቱ ተጣሉ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ተኳረፉ። አንዱ “ጥሎኝ ሄደ” ይላል፤ አንዱ “አባረረኝ” ይላል። ሁለቱም ይምላሉ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ታላቅ ወደ ታናሽ ይሄዳል? በእኛ አገር? “እሱ ይምጣ እንጂ! ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ!” ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ነው፤ ለእሱ ግን ዳገት ሆነበት። ገበያውን አሰሰ፣ በስልክ አፈላለገ፣ መንታውን አጣ። በመጨረሻ ሄደ።

አስናቀ በሩን ሲከፍት ክው አለ። “ጋሼ?”

“ሌንሱን ፈልጌ ነው።”

“ሌንሱን ብቻ?”

ሰውየው እጁን ለሌንሱ ዘረጋ። አስናቀም “እንግዲያው ብቻውን አይወጣም፤ እኔም አብሬው ነኝ” አለ።

አብረው ደሴ ወጡ። ቶርኖ ቤት ሄደው ሁለቱን ሌንሶች በአንድ ብረት አስገጠሙ፤ ብረቱን የፎቶ ቤቱ ዲጂታል ካሜራ ላይ አሰሩት። እናታቸውን እትዬ ዘርትሁንን ወንበር ላይ አስቀምጠው አነሱ። ሁለቱን ፎቶ ካሜራው እንዳወጣቸው በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን አሳትመው በካርቶንና በመነጽር መስታወት በሠሩት ማያ አሳዩዋቸው።

“ምነው ልጆቼ፣ አፍንጫዬን ወደ ውስጥ አስገባችሁት? ግድግዳው እኮ ከፊቴ ቀድሟል!”

ታላቁን ላብ አጠመቀው። አስናቀ ግን ሳቁን ለቀቀው። “ጋሼ፣ ግራ ገብቶሃል! የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ነው የገባው!”

እውነቱን ነው! ካሜራው ቦታ ያለዋውጣቸዋል፤ ቆርጦ ወደየቦታቸው መመለስ የአንሺው ፋንታ ነው። ቆረጡ። አቀያየሩ። እትዬ ዘርትሁን እንደገና አዩ። እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳሰሱ። “አሁን እኔ ነኝ” አሉ። “ሁለታችሁም ያያችሁኝ እኔ ነኝ።”

ታላቁ እንባው መጣ። “አስናቀ፣ አባርሬሃለሁ” አለ።

“እኔም ጥዬህ ሄጃለሁ።”

ወገኖቼ! ሁለቱ ፎቶዎች ፍጹም አንድ ቢሆኑ ኖሮ ምን ይታይ ነበር? ጠፍጣፋ ወረቀት! ሌንሶቹ መንታ ቢሆኑም የሚያዩት ከየራሳቸው ቦታ ነው፤ ጥልቀቱን ያመጣው ልዩነታቸው ነው! ደስ አይልም? እናንተ ግን ወንድማችሁ ያየው እናንተ ካያችሁት ስለተለየ ውሸታም ትሉታላችሁ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እናንተ ሁለተኛውን ዓይናችሁን አኩርፋችሁ ትዞራላችሁ! እህታችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ የትዳር ጓደኛችሁን በግማሽ አይታችሁ “አውቀዋለሁ” ትላላችሁ። ምኑን አወቃችሁት?

“እሱ ይምጣ” ትላላችሁ። እሱም ይህንኑ እያለ ነው። ታዲያ ማን ይምጣ?

ይህን ስናገር በልባችሁ የመጣ ሰው አለ። አዎ፣ እሱ ነው። ዛሬ ጸሎቱን አጭር አደርገዋለሁ፤ ወደ እሱ የሚወስዳችሁ ታክሲ እንዳያመልጣችሁ።