በየት በኩል ትቀበር?

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ፤ ከእኛው አገር የወጣ፣ በእኛው ወግ ያደገ። ቁጭ በል አንዳርጌ፣ ቆመህ ሰዓትህን አትይብኝ። እናቴ ወይዘሮ ማንያህልሻል የሞተች እንደሆነ በቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ትቀበር ብለህ ስትጠይቀኝ ይህ ሦስተኛህ ነው። መጀመሪያ ሜትር ይዘህ መጣህ። ቀጥሎ ድንጋይ ጠራቢ አስከትለህ መጣህ። ዛሬ ደግሞ የሐውልቱን ንድፍ በወረቀት አሠርተህ መጣህ። የነፍስ አባትህ ነኝና ሁለቱን ጊዜ በትዕግሥት መለስሁልህ። ትዕግሥቴ አልቋል፤ አሁን በምሳሌ እመልስልሃለሁ።

ይህ ሀብታም ሰው አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው። እናታቸው በልጅነቱ ሞታ፣ አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት። በኋላም እንግሊዝ አገር ሄዳ በሽተኛ እያስታመመች ከዚያው ሆና አስተማረችው። እርሱ እዚህ ከበረ፤ ፎቅ ሠራ፤ መኪና ለወጠ። እርሷ እዚያው አረጀች። ናና ዓይንህን ልይ ባለችው ቁጥር፣ ዘንድሮስ አልቀርም ይላታል። ዘንድሮ፣ ዘንድሮ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ደግሞ አጥቶ አይደለም፤ ለንግዱ ቻይናን እንደ መርካቶ ነው የተመላለሰባት። በመጨረሻ መርዶዋ መጣለት። ያን ጊዜ ጊዜ አገኘ።

እህቲቱ የተቀበረችው በአንድ ትንሽ መንደር፣ ስምንት መቶ ዓመት በሆነው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። የእኛው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ስለሆነ፣ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ የምትሳለመው እዚያው ነበር። ስለ ሃይማኖቱ የምትጠይቀኝን ሌላ ቀን ጠይቀኝ፤ አሁን አታቋርጠኝ።

ሰውዬው በኪራይ መኪና ደረሰ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ፤ የግቢውን በር ተሳልሞ ጫማውን አወለቀ፤ በዚያ ዝናብ። ግቢውን ሳር ውጦታል። የመቃብሩ ድንጋዮች ዘመዋል፤ የድንጋይ ሽበት የሙታኑን ስም በልቶታል። ማንንም አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቃል? በእኛ ዘንድ የተከበረ ሰው የሚቀበረው ከመቅደሱ አጠገብ፣ በምሥራቅ በኩል ነው። እህቴስ ከዚያ ሌላ የት ትሆናለች አለና በካልሲው ጭቃውን እየረገጠ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ከግድግዳው ሥር በብረት የታጠረ ትልቅ መቃብር አገኘ። ጽሑፉ አይነበብም። ተደፋበት። ደረቱን እየደቃ፣ እታለም፣ እታለም አስካለ እያለ ዕንባው እስኪደርቅ አለቀሰ፤ ድንጋዩንም ደጋግሞ ሳመው።

ግቢውን የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ነበረች። ማጭዷን ይዛ ከዝናቡ ቆማ፣ ልቅሶው እስኪወጣለት ጠበቀችው። ከዚያ በትሕትና፣ ይህ መቃብር ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተ የአንድ ፈረስ ነጋዴ መሆኑን ነገረችው። ለነጋዴው እስከ ዛሬ እንዲህ ያለቀሰለት ሰው መኖሩንም እንደማታውቅ ጨመረችለት። ሳቅ፣ ሳቅ፤ ወደ አንተም እንመጣለን።

ዝናቡ ስለ በረታ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አቋርጣ ወሰደችው። የዚያ ቤት ወለል ራሱ መቃብር ነው። የባላባቶቹ ስም በድንጋዩ ተቀርጾ፣ ሰው ሲረግጠው ስንት ዘመን ኖሮ ግማሹ ጠፍቷል። ሰውዬው ስም ላለመርገጥ እየዘለለ ሄደ። እነማን ናቸው ቢላት፣ በጊዜያቸው ትልልቅ ሰዎች ነበሩ ይባላል እንጂ እኔም አላውቃቸውም አለችው። ይህን ሰምቶ እንኳ በብብቱ ይዞት የመጣውን የሐውልት ንድፍ ወረቀት አልጣለም።

በሰሜን በር ወጡ። ሰሜኑ ጥግ ነው፤ ሳማ የበቀለበት፣ ከመቅደሱ የራቀ፣ አጥሩ የሚያልቅበት። እዚያ አንዲት የእንጨት መስቀል ቆማለች፤ አጠገቧ አሮጌ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰውዬው ነደደው። እህቴን እንደ ባዳ ከጥግ ጣላችኋት አለ። ወረቀቱን ዘረጋ፤ እብነ በረዱ፣ የብረት አጥሩ፣ በመስታወት የምትገባው ፎቶግራፏ፣ ሁሉም ተሥሏል። በዚህ ግቢ የሚያብረቀርቅ ድንጋይም ፎቶግራፍም አይፈቀድም ብትለው፣ ጳጳሳችሁን ጥሩልኝ አለ። ነገውኑ ወደ ምሥራቅ ትዛወርልኝ አለ።

አሮጊቷ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት።

«ቦታውን እኛ አልመረጥንላትም» አለችው። «እርሷ ናት የመረጠችው። እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ከባቡር ጣቢያው የሚመጣው አውቶቡስ የሚታየው ከዚህ ብቻ ነው። ወንድሜ በዚህ አውቶቡስ ይመጣል ትለኝ ነበር።»

ሰውዬው ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አውቶቡሱ ዳገቱን ወጣ፤ ከበሩ ፊት ቆመ፤ አንድም ሰው አላወረደም፤ ሄደ።

«ይሄኔ ነበር የምትነሣው» አለች አሮጊቷ። «ነጠላዋን ታስተካክልና፣ ዛሬ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላኝ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።»

ያ ሰው ወረቀቱን በጭብጡ ጨምድዶ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ማልቀስ ፈለገ፤ አልመጣለትም። ዕንባውን ለፈረስ ነጋዴው አፍስሶ ጨርሶት ነበር።

ምሳሌው ይኸው ነው። እንዳልገባህ ሆነህ መሬት መሬት አትይ፤ ሀብታሙ ሰው አንተ ነህ። ልዩነታችሁ የእርሱ እህት መሞቷ፣ የአንተ እናት በሕይወት መኖሯ ብቻ ነው። ይህን ግቢ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በሜትር ለክተኸዋል። ከዚህ እስከ እናትህ ቤትስ ስንት እርምጃ ነው? ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጣህ፤ ሦስቱንም ጊዜ በበሯ አልፈህ ነው የመጣኸው። ስለ መቃብሯ ልትጠይቅ ስትመጣ፣ እንዴት አደርሽ ልትላት አልወረድህም።

ባለፈው እሑድ ጠበል ልረጫት ሄጄ ነበር። ወንበሯን ከምድጃው አጠገብ አንሥታ ደጃፉ ላይ አድርጋዋለች። በዚህ ብርድ ምነው ብላት፣ ለዓይኔ ብርሃን ይሻለኛል አለችኝ። እኔም ሞኝ ሆኜ አመንኋት። ስወጣ ከጎኗ ቆሜ አየሁት። ግንቡ የጋረደው ቦታ ነው፤ ፀሐይ አይደርሰውም። ከዚያ የሚታየው መንገዱ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ስታልፍ አይታሃለች ማለት ነው።

የመቃብሩን ነገር ለእኔ ተወው፤ ቀኑ ሲደርስ ቦታ አይጠፋላትም። ወረቀቱን እዚህ አስቀምጥና ተነሥ። መኪናህንም እዚሁ ተዋት። በእግርህ ሂድ፤ ከሩቅ ስትመጣ ትይህ።