ደረቅ ወስዶ እርጥብ መመለስ

ተረት ልንገራችሁ። ዛሬ ግን እየሳቅሁ አይደለም የምነግራችሁ፣ እንደተናደድኩ ነው። ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው እርሻ ሲያርስ፣ ግንድም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ አንዲት እመት ጃርት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ጥር ላይ ባቄላዋን ወቅታ ስትጨርስ መጥረቢያዋን ስላ እንጨቷን ትፈልጣለች። ምስጥ እንዳይበላው ከሥሩ ድንጋይ ታነጥፍለታለች። ነፋስ እንዲያልፍበት አንዱን በአንዱ ላይ አግድም ትደረድረዋለች። አንዱ ጎኑ ሲደርቅ ትገለብጠዋለች፤ ደመና ሲያጉረመርም በሰንበሌጥ ትከድነዋለች። በጋውን ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው። ጎረቤቶቿ ግን ጥላ ሥር ተጋድመው፣ "እንጨትም እንደ ሕፃን ይገላበጣል እንዴ?" እያሉ ይስቁባት ነበር።

ክረምት ገባ። ሳቁም ቀረ።

አያ ጅቦ መጣ። "እመት ጃርት፣ እንግዳ መጣብኝ፤ አንድ ሸክም እንጨት አበድሪኝ።" ሰጠችው።

ቀበሮ መጣ። "እመት ጃርት፣ ልጄን ብርድ መታብኝ፤ አንድ ሸክም ብቻ።" ሰጠችው።

ጦጣ መጣች። "ለእነሱ ሰጥተሽ ለእኔ ልትነፍጊኝ ነው?" ለእሷም ሰጠቻት። ጎረቤት እንዴት ይነፈጋል?

መመለሱንስ መለሱ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው! ጅቦ ዝናብ ውስጥ የቆረጠውን፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ እንጨት አምጥቶ ደጇ ላይ ዘረገፈው።

"አያ ጅቦ፣ እኔ የሰጠሁህ ደረቅ ነው እኮ!"

"እንጨት ወሰድኩ፣ እንጨት መለስኩ" ብሏት ሄደ።

ቀበሮም እርጥቡን ዘርግፎ፣ "እንጨት ወሰድኩ፣ እንጨት መለስኩ" አለ። ጦጣም ቅጠሉ እንኳ ያልረገፈ እንጨት ወርውራ፣ "እንጨት ወሰድኩ፣ እንጨት መለስኩ" አለች።

ደረቁ እንጨት አለቀና የጃርት ምድጃ እሳቱ ጠፋ። ልጆቿ እሾኻቸውን አቁመው ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ትንሿን ሳል ያዛት። ጃርት አላስችላት አለና እርጥቡን እንጨት እያመላለሰች ተሸክማ፣ ሦስቱን ከሳ ዳኛ ዘንድ ቀረበች።

ዳኛው አባ ዝንጀሮ ነበር፤ ከቤት ቤት እየተጋበዘ የበሰለ የሚበላ፣ በዕድሜው አንድ ቀን እሳት እፍ ብሎ የማያውቅ ሽማግሌ። ክሱን ሰማና ሸክሙን ቆጠረ።

ይሄኔ ከእርጥቡ እንጨት መሐል አንዱ ግንድ ተናገረ። "ጌታዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ትናንት ዛፍ ነበርኩ። ፀሐይ ስጡኝ፣ እኔም እነዳለሁ። እነዚህ የወሰዱባት ግን እንጨት ብቻ አይደለም፤ የበጋ ፀሐይዋንና ድካሟን ነው።"

"ግንድ ከመቼ ወዲህ ነው ምስክር የሆነው?" ብሎ ዝንጀሮ በከዘራው መታው። "እንጨት እንጨት ነው! ሦስት ሸክም ሄደ፣ ሦስት ሸክም መጣ። አንቺም ጎረቤት በከንቱ ስለከሰስሽ ነገ ንፍሮ ቀቅለሽ አብዪንና ታረቁ።"

ፍርዱን አያችሁት? የተበደለችው ትደግስ! የጃርት እሾኽ ሁሉ ቆመ። ግን ንዴቷን ዋጥ አደረገችና፣ "እሺ አባ" አለች።

በነጋታው ዝንጀሮና ሦስቱ ጎረቤቶች ምድጃዋን ከበው ተቀመጡ። ልጆቿን ጭስ እንዳያፍናቸው ደጅ ጣራው ሥር አስቀምጣ፣ ድስቱን ጣደች፤ ከሥሩም ያንኑ የመለሱላትን እንጨት ማገደች። እንጨቱ ጫፉ ላይ አረፋ ደፈቀ፤ ጭሱ ቤቱን ሞላው። አንዱ ያስላል፣ አንዱ እንባውን ያፈሳል።

"ምነው እመት ጃርት፣ እስካሁን አልበሰለም?" አለ ዝንጀሮ ዓይኑን እያሸ።

"ደርሷል አባ" አለችና ከድስቱ ጭልፋ ሙሉ ሰጠችው። ጎረስ ሲያደርግ ጥርሱ ቀጭ አለ።

"ጥሬ ነው እኮ!"

"ባቄላ ባቄላ ነው፣ አባ።"

"ምን ማለትሽ ነው? ጥሬና ብስል አንድ ነው እንዴ?"

"ታዲያ እርጥብና ደረቅ አንድ ነው ብለው የፈረዱት ማን ነበሩ?"

 ግንዱም ከምድጃው ውስጥ፣ "እኔስ ምን ብዬ ነበር?" አለ።

ዝንጀሮ እንባውን እየጠረገ ወደ ሦስቱ ዞረ። "ደረቁን አምጡ! የነደደውንም ያህል ከየቤታችሁ ቆጥ ላይ አድርቃችሁ ታመጣላችሁ!" ጅቦ፣ "እንጨት ወሰድኩ፣ እንጨት..." ብሎ ሲጀምር ጭሱ ጉሮሮውን ዘጋው። እየሳለ ሮጠ። የተረፈውን ደረቅ እንጨት አመጡ፣ እሳቱም ቦግ አለ። ልጆቹ ገብተው ምድጃውን ከበቡ፤ ትንሿም መሳሏን ተወች።

ንፍሮው ሲበስል አባ ዝንጀሮ እጁን ዘረጋ። ጃርት ድስቱን ወደ ልጆቿ ሳበችው።

"እርስዎ ድርሻዎን በልተዋል" አለችው።

እሳት እፍ ብሎ የማያውቅ ዳኛ እንጨት ይቆጥራል። ተረቴን መልሱ፤ ስትመልሱ ግን ደረቁን ወስዳችሁ እርጥቡን እንዳታመጡብኝ።