እንዶድ የተቀባው የጅብ ማሽላ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እርሻ በሚያርሱበት በአንድ ቆላ፣ ማሽላ እያበቀለች ለአንበሳ የምትገብር አህያ ነበረች። በአንዱ ዓመት ግን ጉድ ፈላባት። ደህና መስሎ የነበረው ዛላ አውድማ ላይ ሲወቃ ፍሬ የለው፤ ጥቁር ዱቄት ብቻ ቡን አለ። አረማሞ የሚሉት የእህል በሽታ ነው። ጅብ ይህን ሰምቶ መቼ ዝም ሊል? አንበሳ ዘንድ ሮጦ፣ ካልገበረች ለምን ትኖራለች፣ ለእኔ ትሰጠኝ ሲል ከሰሳት።

አንበሳም ፈረደ። ከአንድ ጎተራ የወጣ ዘር ለሁለቱ እኩል ይታደላቸው፣ ማሳውም ለሁለት ይከፈል አለ። የአህያዋ ማሽላ ዘንድሮም ከጠቆረ እሷ የጅብ ናት፤ የጅቡ ከጠቆረ ደግሞ አገሩን ለቆ ይሄዳል።

አህያዋ እንቅልፍ አጣች። እናቷ ከመዝራቷ በፊት እንዶድ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ ዘሩን እዚያ ውስጥ ዘፍዝፋ ታሳድርና ጥላ ላይ ታደርቀው ነበር። አህያዋ ግን አምና ዝናቡ ቢያስቸኩላት ይህን ተወችው፤ በሽታውም ከዘሩ ጋር ተጣብቆ ማሳዋ ገባ። ዘንድሮ እንዶዷን ወቀጠች። የዋህ ናትና ለጅቡም እንዲህ አድርግ ብላ ነገረችው። እሱ እቴ፣ ከተሰጠው ዘር ግማሹን እየቆረጠመ፣ እንዶድ ነክቶት ከመረረ ምኑ ይበላል ብሎ ሳቀባት።

ዘሯ ገና እርጥብ ሳለ ዝናቡ መጣ። ቀበሮ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። የጅብ አማካሪ ናት፤ የአህያዋ ጉበት ለእሷ እንደሚደርስ ተስማምተዋል።

«እህቴ፣ ላንቺው አዝኜ ነው» አለች። «አያ ጅቦ ዘርቶ ጨርሷል። ይህ ዝናብ ካመለጠሽ አለቀልሽ።»

 አህያዋ አንዴ ዘሩን፣ አንዴ የራሰውን ማሳ አየች። እግሯ ሊነሳ ቃጣው። ግን የአምናው ጥቁር ዱቄት ትዝ አላትና ተመልሳ ተቀመጠች። ዘሩ ደርቆ ስትዘራ ዝናቡ ሄደ። ሰማይ ሰማይ እያየች ሰነበተች። በስንት ልመና ቢዘንብላትም ቡቃያዋ ከጅቡ ያነሰና የቀጨጨ ሆነ።

ማሽላው ሲያሸት ጅብ ዛላውን ቢፈለቅቀው ጥቁር። እየሮጠ ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ቀበሮ ምን ገዷት፣ አህያዋ የደፋችውን የእንዶድ አተላ አምጥተህ ዛላውን ቀባው አለችው። ጅብም ቀባ፤ ዛላው ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ አበራ።

የፍርዱ ዕለት ጠዋት እንስሳው ሁሉ ተሰበሰበ። የጅብ ማሽላ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ። የአህያዋ አጭር፣ አቧራ የለበሰ፣ ወፍ የቀማመሰው። አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። ጅብ ምራቁን እየዋጠ ተጠጋት። አህያዋ ወደ አንበሳ ቀረብ አለች።

«ጌታዬ፣ ዓይንዎን አይመኑ። በመዳፍዎ ይሹት።»

አንበሳ በመጀመሪያ የእሷን አሸ። ነጭ ፍሬ መዳፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ጤዛ ያረጠበውን የጅቡን ዛላ አሸ። እንዶዱ ልብስ እንደሚታጠብበት ጊዜ አረፋ ደፈቀ፤ አረፋውም ከሰል መሰለ። የአንበሳ ክንድ እስከ ክርኑ ጠቆረ። 

«እኔም እኮ እንዶድ ቀብቻለሁ፤ ያው እንደ እሷ» አለ ጅብ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«እኔ ዘሩን ነው ያጠብኩት፣ አያ ጅቦ» አለች አህያዋ።

ቀበሮ በዚህ መሀል ቀስ ብላ ወደ አህያዋ ወገን ዞራ፣ እኔ ድሮም ብዬው ነበር ትላለች። የሰማት የለም። ጅብ ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ወሽቆ አገሩን ለቀቀ። አህያዋ አፏን ሞልታ አንድ ዛላ ቀመሰች፤ ደህና ደህናውን ለዘር ለየችና ዝናቡ ገና ሩቅ ሳለ እንዶድ ለቀማ ወረደች።

ከዚህ የምንማረው በዘር ጊዜ የሚገባውን ጥንቃቄ የተወ ሰው፣ ኋላ ዛላውን ቢቀባባ ነውሩን ለአንድ ጠዋት ይሸፍን እንደሆነ እንጂ ምርቱን እንደማያድን ነው።