ጋሽ ተሰማን ምግብ የከለከላቸው ሽታ

ተረት ልንገራችሁ፤ አፍንጫችሁን ያዙና ጆሯችሁን ስጡኝ።

እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸውን ጋሽ ተሰማን ታይፎይድ ጥሏቸው ገና እያገገሙ ነው። ሐኪሙ «ካልበሉ ጉልበት አይመጣም» ብሏል። እትዬ ስንዱም የሚፈልጉት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ባላቸው እንዲበሉላቸው። ግን የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ቱቦ ተደፍኖ ይሸታል። ምን መሽተት ብቻ፣ ያጥወለውላል! ጉርሻው አፋቸው ሲደርስ ጋሽ ተሰማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

«ስንድዬ፣ እጅሽን ጠልቼ አይደለም፤ ሽታው ነው።»

እትዬ ስንዱ የፈላ ውሃ ደፉ፤ ውሃው ተመልሶ መጣ። ሎሚ ጨመቁ፤ ሽታው ሎሚ ለበሰ እንጂ አልሄደም። ቱቦው የጎረሰውን የሚያስተፋ ረጅም ሽቦ ያስፈልጋል። ጎረቤታቸው አቶ ድንበሩ ዘንድ ሄዱ።

«ሽቦስ ነበረኝ» አሉ አቶ ድንበሩ፣ «የግቢዬን በር አስሬበታለሁ። ብፈታው ፍየሌ ትወጣለች። የምትታሰርበት ገመድ ያምጡልኝና ይውሰዱት።»

ጋሽ ተሰማ አይበሉ፣ ቱቦው ካልጠራ፤ ቱቦው አይጠራ፣ ሽቦው ካልገባ፤ ሽቦው አይፈታ፣ ፍየሏ ካልታሰረች፤ ፍየሏ አትታሰር፣ ገመድ ካልተገኘ።

ገመድ ያለው ሌላዋ ጎረቤታቸው ውብዓለም ጋ ነው። እሷም ልጅ ታቅፋ ደጃፏ ላይ ትንቆራጠጣለች። ልጁ ያለቅሳል።

«ገመዱን ይውሰዱት እትዬ፤ ግን ልብስ ተሰጥቶበታል። ልሰብስብ ብዬ ይህን ልጅ ሳስቀምጠው ሰፈሩን በጩኸት ያናጋዋል። ካልታዘለ ዝም አይልም፤ እኔን ደግሞ ወገቤን ይዞኛል።»

ጋሽ ተሰማ አይበሉ፣ ቱቦው ካልጠራ፤ ቱቦው አይጠራ፣ ሽቦው ካልገባ፤ ሽቦው አይፈታ፣ ፍየሏ ካልታሰረች፤ ፍየሏ አትታሰር፣ ገመዱ ካልተፈታ፤ ገመዱ አይፈታ፣ ልብሱ ካልተሰበሰበ፤ ልብሱ አይሰበሰብ፣ ልጁ ዝም ካላለ፤ ልጁ ዝም አይል፣ ካልታዘለ።

እትዬ ስንዱ ልጅ ካዘሉ ስንት ዘመናቸው! ጉልበታቸውን ፈሩ። ባላቸው ወደ ግድግዳው ሲዞሩ ታዩዋቸው።

«በይ አምጪው» አሉና ጎንበስ አሉ።

ልጁ ታዘለ፤ ቢታዘል ዝም አለ። ዝም ቢል ልብሱ ተሰበሰበ፤ ልብሱ ቢሰበሰብ ገመዱ ተፈታ፤ ገመዱ ቢፈታ ፍየሏ ታሰረች፤ ፍየሏ ብትታሰር ሽቦው ተፈታ፤ ሽቦው ቢገባ፣ ኡፍ! የረጋ ቅባት፣ ፀጉር፣ የሽንኩርት ልጣጭ ተጎትቶ ወጣ። የፈላ ውሃ ሲከተለው ቱቦው ጉርርር ብሎ ዋጠና ጠራ።

እትዬ ስንዱ ልጁን እንዳዘሉ ሽሮ ጣዱ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ተሰማ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ስንድዬ፣ ምንድነው የሚሸተኝ?»

እትዬ ስንዱ ማማሰያውን እንደያዙ ዞሩ። «አሁንም ይሸታል?»

«ሽሮ ነዋ! ምነው፣ ለእንግዳ ነው እንዴ የሠራሽው?»

እትዬ ስንዱ እጃቸውን ታጥበው አጎረሷቸው። ጋሽ ተሰማ ዋጡ፤ ደግሞም አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ ስደርስ ድስቱ ተጠርጎ ነበር፤ ለእናንተ ያመጣሁት ተረቱን ብቻ ነው።