ቁራ ያኖረችው ላባ

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ከሰው የተሻለ ወሬ በሚያወሩበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አገር አንዲት ቁራ ነበረች። ሥራዋ ላባ መልቀም ነው። የራሷን እንዳይመስላችሁ፤ የሷማ ሁሉም ጥቁር ነው። ክረምት ወጥቶ ወፎች ላባ ሲቀይሩ፣ የረገፈውን ይዞ ወደ ቁራ መሄድ የአገሩ ወግ ነበር። ጅግራ ነጠብጣቡን፣ ዳክዬ የሚያብረቀርቀውን፣ ቆቅ ቡናማውን ያመጡላታል። እሷም በወደቀ የሾላ ግንድ ሆድ ውስጥ ትደረድረውና ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ታገላብጠዋለች።

"አንቺ ቁራ፣" ትላታለች ጎረቤቷ ቆቅ፣ "መልእክት ሲልኩሽ ትቀሪያለሽ፣ ላባ ሲሉሽ ግን ትበሪያለሽ። ለመሆኑ ምን ያደርግልሻል?"

"አይቼው ደስ ይለኛል።"

"በቃ?"

"በቃ! ይሄ ጫፉ ነጭ የሆነው፣ የመጀመሪያ ልጅሽ የተፈለፈለች ዕለት የወደቀው አይደል? ባየሁት ቁጥር የዚያን ቀን ጩኸትሽ ይሰማኛል።"

ተሳስቀው ይለያያሉ።

አንድ ቀን አያ ቀበሮ በዚያ ሲያልፍ ቆመ።

"እሜቴ ቁራ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሻል?"

"አይቼው ደስ ይለኛል።"

"ደስታ ይበላል እንዴ? አንበሳ ለዘውዱ ላባ ሊፈልግ ነው አሉ። ይዘሽ ብትቆዪ ከሱ ስንት ሙዳ ሥጋ ባመጣሁልሽ!"

ቁራ ስቃ ሸኘችው። ሥጋው ግን ከጆሮዋ አልወጣም። በማግስቱ ላባውን ስታገላብጥ ቀለሙ ጠፍቶ ሙዳ ይታያት ጀመር። ሌባ ይመጣብኛል ብላም ከግንዱ መራቅ ተወች።

ቀበሮ ተመለሰ። "አንበሳ ምን አለ?" አለችው።

"ምን ይላል! የቆቅ ላባ በየሜዳው ወድቆ ማን ሥጋ ያወጣበታል? የሞላ ይረክሳል፣ የጠፋ ይወደዳል። ቆቅ ብትጠፋ ግን..."

"እንዴት ትጠፋለች?"

"እሱን ለኔ ተዪው። ጎጆዋን ብቻ ጠቁሚኝ።"

ቁራ ምንቃሯን ብቻ ወደ ቁጥቋጦው አዞረች። 'ምንቃር ማዞር ምን ኃጢአት አለው?' አለች ለራሷ። መቼም ራሱን ይቅር ለማለት የሚሰንፍ የለም።

በማግስቱ ቆቅ ከነጫጩቶቿ አልነበረችም። ቀበሮ ከንፈሩን እየላሰ መጣና፣ "የቆቅ ላባሽ ተወደደ፣" አላት። ምንቃሯን ወደ ሣሩ አዞረች፤ የጅግራ ላባ ተወደደ። ምንቃሯን ወደ ኩሬው አዞረች፤ የዳክዬ ላባ ተወደደ። የተረፉት ወፎች አገር ጥለው ተሰደዱ።

ክረምቱ ወጣ። ላባ ይዞ የመጣ አልነበረም። ከግንዱ አልርቅ ብላ ጦሟን የሰነበተችው ቁራ ክንፏ ዛለ። ጫፉ ነጭ የሆነውን ላባ አወጣችና ፀሐይ ላይ ያዘችው። ጆሮዋን ብታቀና ምንም አልሰማ አላት።

ቀበሮ ከግንዱ አፍ ላይ ቆመ።

"አንበሳ መቼ ነው የሚወስደው?" አለችው።

"የምን አንበሳ? ጎፈር ያለው ላባ ምን ያደርግለታል? ይልቅ ሁሉም ሞልቶልሽ ጥቁር ብቻ ጎደለሽ።"

ልትበር ሞከረች፤ ክንፏ እምቢ አላት።

"አያ ቀበሮ፣ አጥንትና ቆዳ ሆኛለሁ። እኔን መብላት ምን ያደርግልሃል?"

"ደስ ይለኛል።"

አንድ ጥቁር ላባ ከነጠብጣቡና ከቡናማው ላይ አረፈ። ያየው ግን የለም።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ምንቃራችሁን ጠብቁ። ለዓይን ያኖሩትን ለገበያ ቢመኙት፣ ገበያው ሳይቆም ዓይን ይጠፋል።