ቢያድጌ የሰካው፣ ደምለው የተንጠለጠለበት

በዱሮ ጊዜ ነው አሉ፤ ቤት በሣር በሚከደንበት፣ ሣር ከዳኙም ከጣሪያ በሚረግፍበት ዘመን። ከወንዝ ማዶ ደምለው የሚባል ቤት ሠሪ ነበረ። የሚሠራው ግድግዳ ልስልስ ነው፤ አንዲት እንጨት ወጥታ አትታይበትም። «ደምለው የሠራው» ከተባለ ሌላ ወሬ የለም። እሱም ከዚህ ስም የሚበልጥ ሀብት አልነበረውም።

በዚያው መንደር ቢያድጌ የሚባል ድሃ ለሰው ቤት መሥራት ጀመረ። ወንድሙ ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ተሰብሯል። ስለዚህ ቢያድጌ ቤት ሲያስብ አስቀድሞ የሚያስበው ላዩ ላይ የሚወጡትን ነው። የማገሩን ጫፍ ሳይቆርጥ ወደ ውጭ ይተወዋል፤ ጣሪያውም ላይ መርገጫና መያዣ እንጨት ይሰካል። ደምለው አይቶ «ይሄ ቤት ነው ቀንዳም በሬ?» አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ቤት ግን ማንም አልወደቀም። ደምለው በቢያድጌ ቀና።

ቀጥሎ የመንደሩ ጭቃ ሹም ቤት አሠሩ፤ ለደምለው ሰጡት። አሳምሮ አቆመው። ከዳኞቹ መጡ፣ ዙሪያውን ዞሩ፣ ቀና ብለው አዩ። «ቢያድጌ ቀንድ ካላበቀለለት አንወጣም» ብለው ሣራቸው ላይ ተቀመጡ። ቢያድጌ ተጠራ። ያን ልስልስ ግድግዳ እየበሳ እንጨት ሰካበት። ደምለው አጥር ጥግ ቆሞ ሲያይ የተበሳው የራሱ ሆድ መሰለው። ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ መጣ፤ እሱም ለቢያድጌ ሆነ።  በበዓል ቀን፣ ሰው ሁሉ ጠላ ሲጠጣ፣ ደምለው ቢያድጌ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ የሰካቸውን እንጨቶች ሊቆርጥ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ቅናት ልብ ይነሳል፣ ልጆቼ። ከላይ ጀምሮ እየቆረጠ እንደ መውረድ፣ ከታች ጀምሮ የረገጠውን እየቆረጠ ወጣ። ጫፍ ሲደርስ መውረጃ የለውም። እግሩ ከዳው፤ በቀረችው በአንዲቷ እንጨት ተንጠለጠለ።

ጮኸ። መንደሩ ወጣ። ከዳኞቹ መሰላል አቆሙ፣ ቢያድጌ ወጣ። «አያ ደምለው፣ ጠበቅ አርገህ ያዝ። እንጨቷ አትከዳህም» አለው።

ደምለው መሬት ሲደርስ አመሰገነ? ምን ሲደረግ። «እኔ ብሰካት ከዚህም ትጠነክር ነበር» አለ።

ቢያድጌ አልተቆጣም። «እንግዲያውስ እኔ ስሰካ አንተ ተንጠልጥለህ ፈትንልኝ። አንተንና ቅናትህን የቻለ እንጨት ማንንም ይችላል» አለው።

ደምለውም ዕድሜውን ሙሉ በየቤቱ ፈተነለት። አንዷ እንኳ ተሰብራ ቢያድጌን ባሳፈረችልኝ እያለ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወዛወዝባታል። የላላችው በእሱ እጅ ትነቀላለች፤ ቢያድጌም አጥብቆ ይሰካታል። ከዳኝ መውደቁ ቀረ።

ዛሬም በዚያ አገር ቤት ሠሪው ራሱ ሳይንጠለጠል ከዳኝ አይወጣም። ቸኩሎ «ውጡ» የሚል ቢመጣ፣ ከዳኞቹ ሣራቸው ላይ ተቀምጠው «ቢያድጌስ ሰክቷል፤ ደምለው ይንጠልጠል» ይሉታል።