አንጓችና የፈሰሰው ጠላ

ተረት ተረት።

«እህ እማማ፣ ጆሯችን ላንቺ ነው።»

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ገፋ አድርጉት፣ ብርድ ይገባል።

በድሮ ዘመን፣ ቆላና ደጋ በሚገናኙበት መንገድ ዳር፣ አንጓች የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ነበርና ከታናሽ እህቷ ከይታይሽ ጋር ትኖር ነበር። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። ዙሪያውን መደብ አለ፣ ጓዳው ውስጥ ሁለት ጋን አለ። ደጃፉ ላይ ደግሞ ጠላ መኖሩን ለመንገደኛ የሚያሳይ ዋንጫ በረጅም እንጨት ተሰክቶ ይቆማል። እርሻ የላቸውም። የሚበሉትም የሚለብሱትም ከዚያ ጋን ነበር የሚወጣው።

ሰውም የአንጓችን ቤት የሚወደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋንጫዋ ትልቅ ነው። ጠላዋ ውሃ አይበዛበትም። ዋንጫ ተቀብሎ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ደግሞ የባቄላ ንፍሮ በጣባ ታቀርብለታለች፣ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጋ። ለንፍሮው ምንም አትጠይቅም። ስለዚህ ነጋዴው ሌላውን ጠላ ቤት ሁሉ እያለፈ እሷ ዘንድ ይመጣል። አንጓች ቤት በአንድ ዋንጫ ጥምም ይቆርጣል፣ ሆድም ይሞላል ይሉ ነበር። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ስሟንም እንደ ዓይኗ ትጠብቅ ነበር።

ከዚያም አንድ ዓመት ጌሾ ታመመ። ጌሾ ታውቃላችሁ፣ ጠላውን የሚያመርረው ቅጠል ነው። ቅጠሉ ተክሉ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ረገፈ። ገበያ ላይ ጌሾ ጠፋ፤ ሲገኝም ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ከጠላ ሻጮቹ አንዷ ዋንጫዋን አሳነሰች። ሌላዋ ጠላውን በውሃ አቀጠነች። አንዷም ቤቷን ዘግታ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ይታይሽም እህቷን፣ እኛም ዋንጫውን እናሳንስ፣ ሰው ይረዳናል አለቻት። አንጓች ግን እሺ አላለችም። ዋንጫዬ ያነሰ ቀን ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣልኝ የለም ብላ ፈራች።

አንድ የገበያ ቀን ይህንኑ እያሰበች ስትዞር፣ ከገበያው ዳር የማታውቀው ሰው ስልቻ ይዞ ተቀምጦ አየች። የተወቀጠ ጌሾ ነው አላት። ዋጋው የሌላውን ሩብ አይሆንም። ተወቅጦ ደቋልና ቅጠሉ አይለይም። በእፍኟ ዘግና አሸተተችው። የጌሾ ሽታ አለው። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ ያለ መሰላት። ከየት አመጣኸው ብትለው፣ ከሩቅ አለ። ለምን ረከሰ ብትለው፣ መንገደኛ ነኝ፣ እቸኩላለሁ አለ። አንጓችም ስልቻውን ተሸክማ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ ያ ሽታ ከሐሳቧ አልወጣም። ቢሆንም ጠነሰሰችው።

ጠላውም ደረሰ። ሁለቱም ቀመሱት። ምሬቱ ከወትሮው ትንሽ ይለያል። ደህና ነው፣ ደህና ነው ተባባሉ።

በዚያው ሳምንት አያ ጎሹ የሚባል ገበሬ የአጨዳ ደቦ ጠርቶ ነበር። ሚስቱ ስመኝ አራስ ነበረችና ጠላ መጥመቅ አልቻለችም። ስለዚህ ሦስት እንስራ ከአንጓች ገዛ። ጠዋት በአህያ ጭነው ወንዝ ማዶ ወዳለው ማሳ ወሰዱት። የሚያጭደው ሃያ ሰው ነው። ጠላው የሚቀዳውም ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው።

አህዮቹ ከሄዱ በኋላ ቢያድግልኝ የሚባል የጨው ነጋዴ መጣ። ከቆላ ሲመለስ ሁልጊዜ እሷ ቤት የሚያርፍ ሰው ነው። በቅሎውን አስሮ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አንድ ዋንጫ ጠጣ። ንፍሮውን ግን አልነካውም። ሁለተኛውን ሲጀምር እጁ ተንቀጠቀጠና ዋንጫው ወደቀ። ከዚያም እሱ ራሱ ወደቀ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ዓይኑ ተገልብጧል፣ ቢጠሩት አይመልስም።

አንጓችም ከጌሾው ሥር የሸተታት ያ ነገር ትዝ አላት። ወደ ደጅ ወጥታ ሽቅብ አየች። ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ቀርቷታል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታስር ይታይሽ ነገሩ ገባትና በሩን ዘጋችባት።

ይታይሽም፦ «ሰውየውን ምን እንደነካው አናውቅም» አለቻት። «እኛም ቀምሰነዋል፣ ይኸው ቆመናል። ሄደሽ ጠላዬ መርዝ ነው ብትያቸው፣ ከዛሬ ወዲያ ማን ደጃችንን ይረግጣል? ዝም እንበልና እንይ።»

አንጓችም፦ «ሃያ ሰው ሲወድቅ ነው የምናየው?» አለች።

ይታይሽም፦ «ባይወድቁስ?» አለች።

አንጓችም፦ «ባይወድቁ ደስታዬ ነው። እኔ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ አልችልም» አለች።

ይታይሽ ከበሩ ዘወር አለች። አንጓችም ሰውየውን አደራ ብላት ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች።

እየሮጠች ሆዷን ታዳምጣለች። ቁርጠት ይሁን ፍርሃት አልለይ አላት። አፏ ደርቋል፤ ከሩጫው ይሁን ከቀመሰችው ጠላ አላወቀችም። ወንዙ ውስጥ ድንጋይ አዳለጣትና ወደቀች፣ ተነሳችና ተሻገረች። ከማዶ የአጫጆቹ ዘፈን ይሰማታል። እየዘፈኑ ከሆነ አልጠጡም አለች በልቧ። ዘፈኑን እየሰማች ዳገቱን ያዘች። ዳገቱን ስታጋምስ ዘፈኑ ቆመ።

ያኔ ሊጠጡ ነው አለች። በእጇም በእግሯም ብላ ወጣች።

እንስራዎቹ ከግራር ጥላ ሥር ተደርድረዋል። የአንዱ አፍ ተከፍቷል። አያ ጎሹ የመጀመሪያውን ቅል ይዞ ይመርቃል። ምርቃት የሚያስረዝም ሰው ነበርና፣ ዝናቡን ሲመርቅ፣ ከብቱን ሲመርቅ፣ ገና አልቀመሰም።

አንጓች አትጠጡት አለች። ድምጿ አልወጣም። ደግማ አለችው። ሰዎቹ ዞረው አዩአትና ሳቁ። እሷም ትንፋሿ እየተቆራረጠ ቤቷ ሰው መውደቁን፣ ጌሾውንም ከማታውቀው ሰው በርካሽ መግዛቷን ተናገረች። ከአጫጆቹ አንዱ፣ ለሌላ ሰው በውድ ሽጣው ይሆናል፣ ልትወስደው ነው የመጣችው አለ። ጠዋት ሙሉ በፀሐይ ሲያጭዱ የቆዩ ናቸው፤ የሚሰማት ጠፋ። አንድ ጎልማሳም ጎንበስ ብሎ ቅሉን እንስራው ውስጥ ከተተ።

አንጓችም ከመሬት ድንጋይ አነሳችና ያንን እንስራ መታችው። ሁለተኛውንም መታችው። ሦስተኛውን ሊያስጥሏት ሲነሱ በእግሯ ገፋችውና ተንከባሎ ተሰበረ። ጠላው በቃርሚያው መሃል ፈሰሰ። አረፋውም መሬት ውስጥ ሰርጎ ጠፋ።

አያ ጎሹ ቅሉን እንደያዘ ቆየ። ከዚያም ደፋው።

አያ ጎሹም፦ «ሂጂ አንጓች» አላት። «እውነትሽን ከሆነ እግዜር ይስጥሽ። ውሸትሽን ከሆነ ግን በሃያ ሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ።»

አጫጆቹም ከወንዝ ውሃ አስቀድተው ጠጡ። እሷም ብቻዋን ተመለሰች። ሰውየው ሞቶ ይጠብቀኛል እያለች እግሯ እየከበዳት ሄደች።

ቢያድግልኝ አልሞተም። ይታይሽ በጋቢ ጠቅልላው ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዓይኑን ገለጠ። አንጓች እግሩ ሥር ተቀምጣ ነበርና፣ ጠላው ምን እንዳደረገው በፍርሃት ጠየቀችው።

ቢያድግልኝም፦ «የምን ጠላ?» አለ። «የቆላ ንዳድ ነው እንጂ። በየሦስት ቀኑ ይነሳብኛል። ዛሬም ጠዋት ብርድ ብርድ ሲለኝ አውቄው ነበር፤ ቤትሽ ልድረስ ብዬ ነው የገሰገስኩት።»

አንጓች ሳቀችና መልሳ አለቀሰች። በማግስቱ የተረፈውን ጌሾ ለሚያውቅ ሽማግሌ አሳየችው። ያረጀ ጌሾ ነው፣ ጭስም ገብቶበታል፣ ሌላ ግን ምንም የለበትም አላት። የደፋችው ጠላ ደህና ጠላ ነበር።

ነገሩ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። አንዳንዱ ሳቀባት፣ አንዳንዱ ግን ፈራ። እሷ ራሷ ያላመነችውን ጠላ እኛ እንዴት እንጠጣለን ተባለ። አንጓች የብር አምባሯን ሸጠችና ከምታውቃቸው ሰዎች ጌሾ በውድ ገዛች። እንደገናም ጠመቀች። ቅዳሜ መጣ። ዋንጫው ደጃፉ ላይ ተሰክቶ ዋለ፤ የገባ ሰው ግን የለም። ነጋዴዎቹ በቅሏቸውን እየነዱ አለፉ። ንፍሮው ቀዘቀዘ። በሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ጠላው መኮምጠጥ ጀመረና ደፍታ ሌላ ጠመቀች። የሚሸጥ አምባር ከእንግዲህ የለም። አንጓችም እህቷ በሩን ዘግታ ያለቻትን ታስብ ጀመር። ዝም ብል ኖሮ ሃያውም ሰው ጠጥቶ፣ ጠግቦ፣ ዘፍኖ ይገባ ነበር ትላለች። እንዲህ ያለ ቀን እንደገና ቢመጣ ግን እንደገና እንደምትሮጥ ታውቀዋለች። ይህን ማወቋም አላጽናናትም፤ ጋኑ ሙሉ፣ ቤቱም ባዶ ነበርና።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ የአያ ጎሹ ሚስት ስመኝ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች። ከአራስ ቤት መውጣቷ ነው። መደቡ ላይ ተቀመጠችና ልጇን ጡት ሰጠችው። አንጓች ልትሰድበኝ መጣች ብላ ቆማ ጠበቀች። ስመኝ ግን ልጁ በሚመጣው ሳምንት ክርስትና እንደሚነሳ፣ ለድግሱም ጠላ እንድትጠምቅላት እንደምትፈልግ ነገረቻት።

አንጓችም፦ «እትዬ ስመኝ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ» አለች። «ጌሾውን በውድ ነው የገዛሁት። ዋንጫዬንም አሳንሻለሁ። ንፍሮውም እንደ በፊቱ ጣባውን አይሞላም።»

ስመኝም፦ «ባሌ እስካሁን እንደተቆጣ ነው» አለች። «እኔ ግን ያን ቀን ባሌም ሁለት ወንድሞቼም እዚያ ማሳ ላይ ነበሩ። አንቺ ጠላሽ ደህና ይሁን መጥፎ አታውቂም ነበር፤ ባታውቂም ደፋሽው። እንግዲህ ያላወቅሽውን እኔንም አታጠጪኝም። በይ ቅጂልኝ።»

አንጓችም ቀዳችላት። ስመኝም ልጇን ከጡቷ ሳታነሳ ትንሿን ዋንጫ ተቀበለችና ባዶ እስክትሆን ድረስ ጨለጠቻት። ልጁም መጥባቱን አላቆመም።

ይታይሽ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ከዚያም ለክርስትናው ጠላ የሚሆነውን ገብስ ልትነክር ወደ ውስጥ ገባች።

ተረቴ ይኸው ነው። ጆሯችሁን እኔ አጥግቤያለሁ፣ የኔን ሆድ ደግሞ እናንተ አጥግቡልኝ፤ በሉ ያን ቂጣ ወዲህ በሉት።